በኢንተርኔት የሥዕል ቡድኖች ውስጥ እውነተኛ ሂስ ስለ መስጠትና ስለ መቀበል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ክፍል የሚሥሉና ሥራቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች የሚያቀርቡ ሰዎች በየጊዜው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተዘጋጁ መልሶች ናቸው።

«ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ መጻፍ ሂስ ነው?

አይደለም፤ ማበረታቻ ነው። ማበረታቻ የራሱ ቦታ አለው፤ በተለይ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ላቀረበ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሠዓሊው በማግስቱ እርሳሱን ሲያነሣ በዚያ ቃል ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። «አልወደድኩትም» ወይም «ገና ይቀረዋል» የሚለውም በዚህ ረገድ ከ«ጎበዝ» አይሻልም፤ ሁሉም የተናጋሪውን ስሜት ይገልጻሉ እንጂ ስለ ሥዕሉ የሚሉት የለም።

ሂስ በሥዕሉ ላይ በጣት ሊጠቆም የሚችል ቦታ ይጠቅሳል፣ እዚያ የታየውን ይናገራል፣ ምክንያቱንም ያስረዳል። ነጠላ የተከናነቡ እናት በእርሳስ ተሥለው ቀረቡ እንበል። «ዓይኖቹ ከፍ ብለዋል፤ ከአናት ጫፍ እስከ አገጭ ያለው ርቀት ለሁለት ቢከፈል ዓይን የሚውለው መሐሉ ላይ ነው፤ እዚህ ግን ወደ ላይ በመውጣቱ ግንባሩ አጥሮ ጭንቅላቱ ከላይ የተቆረጠ መስሏል» የሚል አስተያየት በማስመሪያ ሊረጋገጥ የሚችል ነው። ሠዓሊው ቢስማማ ያርመዋል፤ ባይስማማም የሚከራከርበት ነገር አለው። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ደጋግመው የሚሳሳቱት ዓይናችን ፊትን እንጂ ፀጉርና ሻሽ የሸፈነውን አናት ስለማያስተውል ነው።

ሥዕሌን ለሂስ ሳቀርብ አብሬው ምን ልጻፍ?

ሥዕሉ በምን እንደተሠራ፣ መጠኑን፣ ከምን ታይቶ እንደተሣለ (ከፊት ለፊት ቆመው ነው፣ ከፎቶግራፍ ነው ወይስ ከአእምሮ)፣ ምን ለማሳየት እንደፈለጉና ያስቸገረዎትን አንድ ነገር ይጻፉ። «እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ «ጥሩ ነው» ከሚል መልስ በቀር ሌላ አይወልድም። በአንጻሩ የሚከተለውን የመሰለ መልእክት አንባቢውን ሥዕሉ ውስጥ ያስገባዋል፦ «40 በ50 ሴንቲሜትር፣ አክሪሊክ በሸራ ላይ። ጣይቱ ሆቴል ፊት ለፊት ቆሜ የጀመርኩት፣ ቤት የጨረስኩት ነው። የጠዋቱን ብርሃን ማሳየት ፈልጌ ነበር፤ በረንዳው ግን ወደ ውጭ የወጣ አልመስል አለኝ። ችግሩ ጥላው ላይ ነው ወይስ መስመሩ ላይ?»

ያለቀ ሥራ ከሆነና መንካት የማይፈልጉ ከሆነም ይህንኑ ይግለጹ። ያላለቀ ሥራ ላይ የሚሰጥ ሂስ እጅግ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሸራው ገና እርጥብ ሳለ የተነገረ ነገር በዚያው ቀን ሊታረም ይችላል።

ሥዕሉን ፎቶ ሳነሣው ቀለሙ ይለወጥብኛል፤ ይህ ለሂስ ለውጥ ያመጣል?

በጣም ያመጣል። በቡድኖች ውስጥ «ቀለምህ ሞቷል» ወይም «ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኗል» እየተባለ ከሚሰጠው አስተያየት ብዙው ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ክፍሉ አምፖል ነው። ማታ በቢጫ አምፖል የተነሣ ነጭ ነጠላ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ በተቀባ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተነሣ ሥዕል ደግሞ ከግድግዳው ቀለም ይበደራል። ስለዚህ ሥዕሉን በቀን፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ወይም በር ላይ አስደግፈው፣ ፍላሽ አጥፍተው ያንሡት። ደመና የሸፈነው የክረምት ቀን ለዚህ ሥራ ከበጋው ፀሐይ ይሻላል፤ ብርሃኑ ሳይሰነጣጠቅ በእኩል ይወርዳልና።

ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርገው ይያዙት፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካጋደለ የሸራው አንድ ጫፍ ይጠባል፣ ቀጥ ብለው የተሣሉ ምሰሶዎችም የተጋደሉ ይመስላሉ። እጅግ ቀርበው ከማንሣት ይልቅ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው በመጠኑ አቅርበው (ዙም አድርገው) ያንሡት፤ የስልክ ሰፊ ሌንስ በቅርብ ሲያነሣ ጠርዞቹን ያጎብጣል። ቴሌግራም ምስልን በተለመደው መንገድ ሲልኩት ስለሚያሳንሰው ጥርት ብሎ መታየት ያለበትን ሥራ እንደ ፋይል አድርገው ይላኩ። የብሩሽ አጣጣል ላይ አስተያየት ከፈለጉ የአንድ ቦታ የቅርብ ፎቶ ይጨምሩበት።

ሂስ ሰጪውም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙ ስልኮች ማታ ማታ ዓይን እንዳይጎዳ እያሉ ስክሪኑን ቢጫ ያደርጉታል። ስለ ቀለም ከመናገርዎ በፊት ይህን ያጥፉ፣ የስክሪኑንም ብርሃን ከፍ ያድርጉ።

አስተያየት ባልጠየቀ ሰው ሥራ ላይ ሂስ መስጠት ተገቢ ነው?

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ሰው ሥራውን ለደስታው፣ ለጓደኞቹ ወይም ለማስታወሻ ሊለጥፍ ይችላል። አንድ ነገር መናገር አስፈላጊ ከመሰለዎት «አስተያየት ብሰጥ ደስ ይልዎታል?» ብለው በግል ይጠይቁ፤ መልስ ካላገኙ በዚያው ይተዉት።

ሂስ ለመስጠት ከየት ልጀምር?

ከማየት። ሥዕሉን ከከፈቱት በኋላ ወዲያው አይጻፉ። ስልኩን አርቀው ይያዙት፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው የብርሃንና የጥላውን አከፋፈል ይመልከቱ፤ ከተቻለም ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠው ይዩት። ቀለሙ ሲወጣ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ሥዕሉ ለምን እንደደከመ አገኙ ማለት ነው።

ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሂዱ፦ መጀመሪያ ቅንብሩ፣ ቀጥሎ ብርሃንና ጥላው፣ ከዚያ ምጣኔው (የአንዱ ክፍል መጠን ከሌላው ጋር ሲነጻጸር)፣ ዝርዝሩ በመጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ሂስ እንዴት እንደሚባክን ለማየት ፒያሳ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል እንውሰድ። ሕንፃው ባለ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ፊት ለፊት ቆሞ የሚሥል ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ግድግዳ ያያል፤ መሐለኛው ሙሉ ስፋቱን ይዞ ይታያል፣ በግራና በቀኝ ወደ ኋላ የሚሸሹት ግን ጠበብ ብለው መታየት አለባቸው። ጀማሪው ሦስቱንም እኩል ካደረጋቸው ካቴድራሉ እንደ ተዘረጋ ካርቶን ጠፍጣፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥዕል ቀርቦ ሳለ አስተያየት ሰጪዎች ስለ ጉልላቱ መስቀል ጌጥና ስለ ዛፎቹ ቅጠል ሲጽፉ ቢውሉ ሠዓሊው ቅጠሉን አሳምሮ ሕንፃውን እንደ ጠፍጣፋ ይተወዋል።

ሁለት ነጥብ ይበቃል። አሥር ጉድለት የተዘረዘረለት ሰው አንዱንም አያርምም፤ ከሁለቱ ዋና ጉዳዮች አንዱ ሲስተካከል ደግሞ ሌሎቹ ትናንሾች አብረው የሚስተካከሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔ ራሴ ጀማሪ ነኝ። ከእኔ የሚበልጥ ሰው ሥራ ላይ ምን ልናገር እችላለሁ?

ያዩትን። «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ከበስተጀርባ ባለው ታክሲ ላይ ነው፤ ልጅቷን ያየኋት ቆይቼ ነው» ለማለት የሥዕል ትምህርት አያስፈልግም፤ ሠዓሊው ግን ይህን ከራሱ ሊያገኘው አይችልም፤ እርሱ ሥዕሉን ሲጀምረው ጀምሮ ልጅቷ የት እንዳለች ያውቃልና። ጀማሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው መፍትሔ ከማዘዝ ነው። የት ላይ ግራ እንደተጋቡ ይንገሩ፤ እንዴት እንደሚታረም ለሠዓሊው ይተዉለት።

ይሉኝታ ይይዘኛል። እውነቱን ብናገር ሰው አይቀየመኝም?

ይሉኝታ ተነቅሎ የሚጣል ነገር አይደለም፤ የሌላውን ሰው ክብር የሚያስጠብቀን እርሱ ነው። አነጋገራችንን ቢገዛው መልካም ነው፤ የምንናገረውን ነገር ሲውጠው ግን ጉዳት ያመጣል። በቡድኑ ውስጥ «ድንቅ ሥራ» ብለው የጻፉ ሰዎች አመሻሹ ላይ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘው ሲቀመጡ ያንኑ ሥዕል አንድ በአንድ ሲተነትኑት መስማት የተለመደ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ትክክለኛና ጠቃሚ ነው፤ የሚያሳዝነው ሊጠቀምበት የሚችለው ሰው እዚያ አለመኖሩ ነው። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ መምህርና የክፍል ጓደኛ አለው። ከሥራ ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ተመልሶ ማታ ማታ ለብቻው የሚሥል ሰው ግን ያለው ያ የቴሌግራም ቡድን ብቻ ነው፤ እዚያም እውነቱን ካላገኘ ከሌላ ከየትም አያገኘውም።

በሰው ፊት መታረም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ሆኖ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ተማሪው በማግስቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመለሳል። ይህ ቂም የማያመጣው ሁሉም ለዚያው እንደመጣ ስለሚያውቅና የሚታረመው ቅኔው እንጂ ልጁ ስላልሆነ ነው። ብዙዎቻችን በስብሰባ አዳራሽ የለመድነው ግምገማ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰውየውን መሐል አቁሞ ስለ ባሕርዩ ይናገራል። ሂስ ሲባል ብዙ ሰው የሚሸማቀቀው ይህንን እያሰበ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሲጽፉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሠዓሊው ሳይሆን የሥዕሉ አንድ ክፍል ይሁን። «ጥላ መሥራት አትችልም» ከማለት «በግራ ጉንጩ ላይ ያለው ጥላ ከአፍንጫው ጥላ ጋር አይስማማም፤ አንዱ ብርሃኑ ከመስኮት፣ ሌላው ከላይ የመጣ ያስመስለዋል» ማለት ይሻላል። የተሳካውንም ይናገሩ፤ መራራውን ለማዋጥ ሳይሆን ሠዓሊው ሲያርም እንዳያበላሸው እንዲያውቀው ነው። መጀመሪያ ማሞገስ፣ መሐል ላይ መተቸት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማሞገስ የሚለውን የተለመደ ዘዴ አልደግፈውም፤ ሰው ቶሎ ይለምደውና ሙገሳውን ሳያነብ ያልፈዋል።

በዕድሜ ለሚበልጡኝ ወይም ላስተማሩኝ ሰዎች እንዴት ልንገራቸው?

አክብሮቱ በአጠራሩና በአቀራረቡ ይታይ፣ ነገሩ ግን አይቀነስ። ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሥራዎን ደጋግሜ አየሁት። ገበያው መሐል ያሉት ሰዎች የሚንቀሳቀሱ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በስተቀኝ ያለው ቀይ ጃንጥላ ዓይኔን እየሳበብኝ ከሴትዮዋ ያርቀኛል፤ ሆን ብለው ነው?» እርሳቸው «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» ካሉ ነገሩ በዚያ ያበቃል፤ ካልሆነም አዩት ማለት ነው።

ታላላቆችም ለታናናሾቻቸው ይህንኑ ክብር ሊሰጡ ይገባል። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስድስት ሰዓት የፈጀበትን ሥራ «አንተ ልጅ፣ ይህንን ቅደደው» ብሎ መመለስ ጥብቅ መምህር አያሰኝም። የተነገረው ነገር ልጁ ሊሠራበት የሚችለው አይደለምና።

ሂስ ሲሰጠኝ ልቤ ይሰበራል። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያው ሰዓት ምንም አይመልሱ። «አመሰግናለሁ፣ አየዋለሁ» ብለው ስልኩን ያስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚጸጸተው በዚያ ሰዓት በጻፈው መልስ ወይም ደግሞ ሥዕሉን ከነአስተያየቱ በመሰረዙ ነው፤ የተሰረዘው አስተያየት ከሁለት ወር በኋላ ሊፈለግ ይችላል።

ቆይተው ሲመለሱ አስተያየቱን በሥዕሉ ላይ ይፈትኑት። የሥዕሉን ፎቶ በስልክዎ ግራና ቀኙን አገላብጠው ይመልከቱት፤ ለሳምንታት ያየነውን ነገር ዓይናችን ስለሚለምደው ያዘመመ ፊት ቀጥ ያለ መስሎ ይታየናል፣ ሲገለበጥ ግን መዝመሙ ወዲያው ይወጣል። ሸራውን ሳይነኩ በፎቶው ላይ በጣትዎ አርመው ያነጻጽሩት። የተሻለ ከሆነ ሰውየው ትክክል ነበር፤ ካልሆነም ሥራዎን በምክንያት ጠብቀውታል።

ሊቀበሉት የማይገባም አለ። ስለ ሥዕሉ አንድም ነገር ሳይል ስለ እርስዎ፣ ስለ ብሔርዎ፣ ስለ ሃይማኖትዎ፣ ወይም ሴት ስለ መሆንዎ የሚናገር ጽሑፍ ሂስ አይደለም። ለእርሱ መልስ መስጠት አያስፈልግም፤ ለቡድኑ አስተዳዳሪ ያመልክቱ።

ለእያንዳንዱ አስተያየት ማብራሪያ መስጠት አለብኝ?

የለብዎትም። ያልገባዎትን ይጠይቁ፣ የቀረውን በምስጋና ይለፉት። ለአምስት ሰው በአምስት መልእክት ማብራራት የግድ ከሆነ ምናልባት ሥዕሉ ራሱ ሊናገረው የሚገባውን አልተናገረም።

ሰዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ቢነግሩኝ ማንን ልስማ?

የሰጡትን መፍትሔ ለጊዜው ይተዉና የጠቆሙትን ቦታ ይመልከቱ። በአንድ የፊት ሥዕል ላይ አንዱ «አፍንጫው ረዘመ»፣ ሌላው «አፉ ወርዷል»፣ ሦስተኛው «አገጩ አነሰ» ቢሉ ሦስቱም የሚጋጩ ይመስላሉ። ሦስቱም ግን የሚናገሩት ስለ ፊቱ የታችኛው ክፍል ነው። ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ያሉት ርቀቶች በብዙ ሰው ፊት ላይ ይቀራረባሉ፤ ለክተው ቢያዩት አፍንጫው ብቻ ትንሽ ወርዶ አፉን ወደ ታች ገፍቶት፣ አገጩም ቦታ አጥቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ሦስት ሰው የተለያየ ስም የሰጠው አንድ ስሕተት ነበር።

አንድ ሰው ብቻ የጠቆመውን ነገር ግን ወዲያው አያርሙት፤ ደግመው ካዩት በኋላ ለራስዎ ካልታየዎት ይተዉት።

በሌላ ሰው ሥዕል ላይ አርሜ ባሳየው ይከፋዋል?

ሳይጠየቅ ከሆነ አዎ፣ ሊከፋው ይችላል። አስቀድመው ያስፈቅዱ፣ ቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ፣ በኢቢስ ፔይንት ወይም በሌላ መተግበሪያ በአዲስ ሌየር (ከሥዕሉ በላይ በሚነጠፍ ግልጽ ገጽ) ላይ በቀጭን ቀይ መስመር ጠቁመው ለሠዓሊው ብቻ ይላኩለት። መስመሩ ስለ ምጣኔና ስለ ዕይታ ከብዙ ቃላት ይልቅ ያስረዳል፤ ይሁን እንጂ ሥዕሉን በራስዎ ስልት እንደገና መሥራት እርማት አይደለም። የታረመውን ምስል ለሌላ ሰው አያስተላልፉ።

ሥራው እኔ በማላውቀው ስልት የተሠራ ቢሆን በምን ልመዝነው?

በራሱ ሕግ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትውፊት ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ዓይኖቹ የጎሉ ናቸው፣ የሰው ቁመትም የሚለካው በሥጋዊ ምጣኔ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ «ዓይኑ ተልቋል፣ ጥላ የለውም» ብሎ መጻፍ ሥዕሉን በማያውቀው ሕግ መክሰስ ነው። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ግን ጥብቅ ሂስ ሊሰጥ ይችላል፦ ከሐዋርያት አንዱ ሳይታሰብ በጎን ተሥሎ ከሆነ፣ የዓይን ብሌኖቹ ማየት ወዳለባቸው አቅጣጫ ካላዩ፣ የልብሱ እጥፋት መስመር አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ ሌላ ቦታ ላይ ከተንቀጠቀጠ፣ እነዚህ ሁሉ በትውፊቱ ውስጥ ጉድለት ናቸው።

ረቂቅ ሥዕልም (አብስትራክት የሚባለው) እንዲሁ ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1950ዎቹ ያቀረባቸው ሥራዎች ብዙ ክርክር አስነሥተው ነበር፤ ዛሬ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስድስት ኪሎ አካባቢ ይገኛል። ሄዶ ከሥዕሎቹ ፊት መቆም ለሂስ ሰጪ ጥሩ ልምምድ ነው፤ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ የትኛው ቀለም እንደሚከብድ፣ ዓይን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ባዶ የተተወው ቦታ ምን እንደሚሠራ ለመናገር ያስገድዳል።

በሌላ በኩል «ስታይሌ ነው» የሚለው መልስ ለማንኛውም ሂስ መከላከያ ሆኖ ሲቀርብ ይታያል። መለየት አያስቸግርም። ስልት በሥዕሉ ሁሉ ይዘልቃል፤ ከአራት ሰዎች የአንዱ ክንድ ብቻ ካጠረ ስልት ሳይሆን ስሕተት ነው።

ሥራው ከሌላ ሰው የተቀዳ ቢመስለኝስ?

ለመማር መቅዳት የቆየ መንገድ ነው፤ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ነውር የለውም። ችግሩ የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ፎቶግራፍንም ይጠብቃል፤ የሥራው አመንጪ በስሙ የመጠራት መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ይህ ከበይነ መረብ ያገኙትን የፎቶ አንሺ ሥራ እያዩ የሚሥሉትንም ይመለከታል፤ በተለይ ሥዕሉ የሚሸጥ ከሆነ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥርጣሬ ሲኖርዎት በመጀመሪያ በግል «ይህንን ሥራ የሚመስል አይቻለሁ፤ እርሱን አይተህ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጀማሪ ምንጭ መጥቀስ እንዳለበት አያውቅም፤ ሲነገረው ያርማል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ በአደባባይ መለጠፍ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልሠራ በኋላ ነው፤ እርሱም በአስተዳዳሪው በኩል ቢሆን ይመረጣል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው ብዬ ብጠረጥርስ?

በዓይን ብቻ አይፍረዱ። የጣት ብዛት መቁጠር ቀድሞ ይሠራ ነበር፤ አሁን መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል፣ ጀማሪ ሠዓሊም ጣት ያበላሻል። እውነተኛ ሥራውን «ማሽን ነው የሠራልህ» የተባለ ሠዓሊ ስሙን መልሶ ማጽዳት ይከብደዋል። ቡድኑ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ቢኖረው ይሻላል፤ ለሂስ የሚቀርብ ሥራ ከመነሻ ንድፉ ወይም ከመካከለኛ ደረጃው ፎቶ ጋር ይቅረብ። ይህ ማንንም አያስከስስም፤ ለሂሱም ይጠቅማል፣ ስሕተቱ በንድፉ ላይ ገብቶ እንደሆነ ወይም በቀለሙ ጊዜ እንደመጣ ያሳያልና።

ሥዕሉ ለሽያጭ የቀረበ ከሆነ ጉድለቱን በአደባባይ መናገር ይገባል?

አይገባም። ሥዕሉን ከነዋጋው የለጠፈ ሰው ሂስ አልጠየቀም፤ የቤት ኪራዩንና የቀለም መግዣውን እየፈለገ ነው። ገዢው እያየ «እጁ አልተሳካም» ብሎ መጻፍ እንጀራውን መንካት ነው። በግል ቢነግሩት ለሚቀጥለው ሥራው ይጠቅመዋል። በቸርችል ጎዳና የማስታወሻ ዕቃ መደብሮች ለጎብኚ ስለሚሠሩ ተመሳሳይ ሥዕሎችም በንቀት ይነገራል፤ እነዚያን ሥራዎች የሚሠሩ ሰዎች መካከል መስመራቸው እጅግ የሠለጠነ አሉ፤ ከእነርሱ የሚማረው ብዙ ነው።

የሟች ሥዕል ሲቀርብ ሂስ እንዴት ይሰጣል?

ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ደጋግሞም ያጋጥማል። የሟች ቤተሰብ ለሙት ዓመት እንዲደርስ ብሎ አንዲት ትንሽ ጉርድ ፎቶ ለሠዓሊ ይሰጣል፤ ሠዓሊው ደግሞ ሥራውን በቡድኑ አቅርቦ «መስሏል?» ይላል። አንዳንዴ ሠዓሊው ራሱ ልጅ ነው፣ የሣለውም እናቱን ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» ማለት፣ ቀጥሎም «በሥዕሉ ላይ አስተያየት ትፈልጋለህ ወይስ ይቆይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። «ይቆይ» ካለ ይቆያል።

አዎ ካለ ግን ማለሳለስ አይጠቅመውም፤ ቤተሰቡ ሥዕሉን ሲያይ አለመምሰሉን በመጀመሪያው ቅጽበት ያውቃል። እርስዎ ሟቿን ስለማያውቋቸው ስለ መምሰል መፍረድ አይችሉም፤ ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አድርገው ርቀቶቹን ማነጻጸር ግን ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከፎቶው ይጀምራል። ጉርድ ፎቶ ፊት ለፊት በመጣ ፍላሽ ስለሚነሣ የአፍንጫና የጉንጭ ጥላ ይጠፋል፤ ሠዓሊው የጠፋውን ጥላ ከራሱ ሲፈጥር ፊቱ የሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሊሰጡት የሚችሉት ከሁሉ የሚጠቅም ሂስ በአፍንጫው ግራ ጎን ላይ ያለው ጥላ በፎቶው ውስጥ እንደሌለ መንገርና በሠርግ ወይም በክርስትና ቀን ከጎን የተነሡት ሌላ ፎቶ ከዘመድ እንዲፈልግ መጠየቅ ነው።